ጥርኙ፣ ቀይ ቀበሮውና የእኛው ውሻ

መቱ ያደገ ሰው የጅብ ጩኸት አያስደነግጠውም። ማታ ዝናቡ ጋብ ሲል ጅቡ ከከተማው ዳር ይጮሃል፤ የሰፈር ውሾች ደግሞ እየተቀባበሉ ይመልሱለታል። ጠዋት ቆሻሻ መጣያው ጋ ብትሄዱ የሁለቱም ዱካ ተቀላቅሎ ታገኙታላችሁ።

ልጅ ሆነን የሚነገረን ታሪክ አንድ ነበር፦ በሽታ ከጫካ ይመጣል፤ ውሻም የሚያብደው ከአውሬ ተጋብቶበት ነው። እኔም ይህንኑ ሳልጠይቅ ይዤው ኖርኩ። በኋላ ሰዎች በዱር ሥጋ በል እንስሳት ላይ ቫይረስ ሲፈልጉ ምን እንዳገኙ ሳነብ ግን፣ ነገሩ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘሁት። ዛሬ እሱን ላውጋችሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጥርኝ እንጀምር። የኢሉባቦር ልጅ ሆኖ ስለ ሥጋ በል አውሬ እያወሩ ጥርኝን መዝለል ነውር ነው። በኢሉባቦር፣ በጅማና በወለጋ ገጠሮች ጥርኝን ከጫካ ይዞ በጠባብ የእንጨት ቤት ማኖር የቆየ ሥራ ነው። ሥጋና ገንፎ ይቀለባል፤ ቤቱ በእሳት ይሞቃል፤ በየጥቂት ቀኑ ከጅራቱ ሥር ካለው ከረጢት ዝባዱ ይወጣል። ዝባዱ በከብት ቀንድ እየታሸገ ይጓዝ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎረቤታችን ከሊሙ እናርያ ተነስቶ፣ ጎጃም ባሶ ገበያ አልፎ፣ እስከ ምጽዋ ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ የፈረንጅ ሽቶ ነው። እንግዲህ ሰውና የዱር ሥጋ በል በአንድ ግቢ ለስንት ትውልድ አብረው እንደኖሩ አስቡት።

በ2003 ዓለም በሳርስ ተናወጠ። ከ8 ሺህ በላይ ሰው ታመመ፤ 774ቱ ሞቱ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የሆንግ ኮንግና የቻይና ተመራማሪዎች ሼንዘን ከተማ ካለ የእንስሳት ገበያ ናሙና ወስደው፣ የሰውየውን ቫይረስ ቁርጥ የሚመስል ቫይረስ ማግኘታቸውን አስታወቁ። የተገኘበት ዋናው እንስሳ የጥርኝ ወገን ነበር። የእኛው ጥርኝ ግን አይደለም፤ የሩቅ ዘመዱ ነው። በጥር 2004 የጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ባለሥልጣናት በገበያ ያሉት በሙሉ እንዲገደሉ አዘዙ። ፍርዱ ተሰጠ፤ ጥርኝ ወንጀለኛ ሆነ።

በ2005 ግን ሁለት የምርምር ቡድኖች የሳርስ ቫይረስ የቅርብ ዘመዶችን በሌሊት ወፎች ውስጥ አገኙ። ጥርኝ መሸጋገሪያ እንጂ ምንጭ አልነበረም። የዱር እንስሳትን በሳጥን ላይ ሳጥን እየከመረ ለቫይረሱ መንገድ የጠረገለት የእኛው ዘር ነው።

«ይሄ የቻይና ጉዳይ ነው» የሚል ካለ ወደ አገራችን ልመለስ። ለዚህ ከኢሉባቦር ወጥተን ባሌ ተራሮች ላይ መውጣት አለብን፤ በኢትዮጵያ የዱር ሥጋ በሎችና የቫይረስ ታሪክ በደንብ የተመዘገበው እዚያ ነውና።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም። በጠቅላላ የቀረው ከ500 ያነሰ ሲሆን ከግማሽ በላዩ ባሌ ላይ ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ክላውዲዮ ሲሌሮ ዙቢሪና ባልደረቦቹ መንጋዎቹን እየተከተሉ ያጠኑ ነበር። በ1991 እና በ1992 የሚያውቋቸው ቀበሮዎች እየሞቱ መጥፋት ጀመሩ። የሬሳዎቹ አንጎል ሲመረመር የተገኘው ሬቢስ ነው፤ እኛ የእብድ ውሻ በሽታ የምንለው። ከየት መጣ? ከብት ጠባቂዎች ይዘዋቸው ከሚወጡት ውሾች። በ2003 በሽታው ተመልሶ መጣና በዌብ ሸለቆ ካሉት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጀ።

በዚያው ዘመን አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ሌላ ነገር አገኘ። ተሾመ መባጽዮን ከጀርመን ባልደረቦቹ ጋር ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ 115 የሬቢስ ናሙናዎችን አንድ በአንድ መርምሮ ውጤቱን በ1992 አሳተመ። 113ቱ የሚታወቀው ሬቢስ ሆኑ። ሁለቱ ግን ዘመዶቹ እንጂ እሱ ራሱ አልነበሩም። አንዱ ሞኮላ የሚባለው ቫይረስ ሲሆን የተገኘው ከድመት ነው፤ ሌላው የሌጎስ የሌሊት ወፍ ቫይረስ ሲሆን የተገኘው ከውሻ ነው። ሁለቱም ቀድሞ የታወቁት ናይጄሪያ ውስጥ ነበር። ሞኮላን የተለመደው የሬቢስ ክትባት አይመክተውም። ያ ሰው «ሬቢስ ነው» ብሎ ክምሩን ቢያልፈው ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?

የባሌ ቀበሮዎች መከራ በሬቢስ አላበቃም። ከ2005 እስከ 2006፣ ከዚያም በ2010 ሌላ ቫይረስ ገደላቸው፤ ዲስቴምፐር ይባላል። ይህም የውሻ ቫይረስ ነው። በ1994 ታንዛኒያ ሴሬንጌቲ ውስጥ ከነበሩት አንበሶች አንድ ሦስተኛውን የጨረሰው እሱ ነው፤ ያን ጊዜም ጣት የተቀሰረው በመንደር ውሾች ላይ ነበር። የዲስቴምፐርን ዘመዶች ደግሞ አያቶቻችን ያውቋቸዋል፤ አንዱ የሰው ኩፍኝ ነው፣ ሌላው «ደስታ» የሚሉት የከብት በሽታ። ደስታ ከውጭ በመጡ ከብቶች በምጽዋ በኩል ገብቶ ከ1888 እስከ 1892 ክፉ ቀንን ያመጣብን ነው። ከብት አለቀ፣ በሬ ጠፋ፣ እርሻ ቆመ፣ ሰው ረገፈ። ያኔም ቫይረሱን ያስገባው ጫካ ሳይሆን ሰው የነዳው ከብት ነበር። ያ በሽታ በክትባት ተሸንፎ በ2011 ከምድር መጥፋቱ ታወጀ።

ክትባት ባሌም ደርሷል። በ2003ቱ ወረርሽኝ መሀል ቀበሮዎቹ እየተያዙ ሲከተቡ በሽታው ወደ ሌሎቹ መንጋዎች ሳይሻገር ቆመ። በ2018 ደግሞ በፍየል ሥጋ ውስጥ የተደበቀ የአፍ ክትባት ማታ ማታ በፈረስ እየተዞረ መታደል ጀመረ። ከዚያ በፊትም የመንደር ውሾችን መከተብ ዓመታት የፈጀ ሥራ ነበር፤ ቀበሮውን ለማዳን ውሻውን መከተብ ግድ ነዋ!

አሁን ወደ መቱ እንመለስ። በዓለም ላይ ሰው ላይ ከሚደርሰው ሬቢስ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው እንጂ ከጅብ አይደለም። ጎሬም ሆነ በደሌ፣ አዲስ አበባም ሆነ ባሌ፣ ጥያቄው አንድ ነው፦ በራችን ላይ የሚያድረው ውሻ ተከትቧል ወይ? ውሻው የእኛ ነው፤ ማታ ግን ቆሻሻው ላይ ከጅቡ ጋር ይበላል፣ ጫካው ዳር ከቀበሮው ጋር ይነካከሳል፣ ጠዋት ተመልሶ ከልጆቻችን ጋር ይጫወታል። ቫይረሱ ከዚህ የተሻለ መንገድ ከየት ያገኛል?

ልጅ በውሻ ከተነከሰ ደግሞ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። «ውሻው የታወቀ ነው፣ ጤነኛ ነው» ተብሎ ቀን አይቆጠርም። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ውስጥ የድሮ ሰዎች «ፓስተር ውሰዱት» የሚሉት ለዚህ ነበር።

ጅቡ ዛሬም ማታ ይጮሃል፤ ውሾቻችንም ይመልሱለታል። እኔ ግን ከእንግዲህ መጀመሪያ የምጠረጥረው የጮኸውን ሳይሆን የመለሰውን ነው።