ፈረሱን የያዘው ማን ነው?

በክፍል ውስጥ የጥንት ታሪክ ሲነሳ መጀመሪያ የምትጠቀሰው ግሪክ ናት። እኛም በዚህ እትም ከግሪክ እንነሳና ወደ ወንዛችን እንመለሳለን።

ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ470 እስከ 456 ገደማ በኦሎምፒያ ለዜውስ ትልቅ ቤተ መቅደስ ተሠራ። በምሥራቅ ግንባሩ፣ ከጣሪያው ሥር፣ የሰረገላ እሽቅድድም ታሪክ በእብነ በረድ ተቀርጿል። ተረቱ እንዲህ ነው፤ ንጉሥ ኦይኖማዎስ ልጁን ሂፖዳሚያን ማግባት የፈለገ ሁሉ በሰረገላ እንዲሽቀዳደመው ያዝዛል፤ የተሸነፈ ይገደላል። በመጨረሻ ፔሎፕስ የሚባል ወጣት አሸንፎ ልጅቷን አገባ። የሚገርመው ግን ቀራጮቹ ሩጫውን አላሳዩንም። በየሰረገላው የተጠመዱት አራት አራት ፈረሶች ገና ቆመዋል። አጠገባቸው ደግሞ ተንበርክከው የሚጠብቁ አገልጋዮች አሉ።

እሺ፣ ይሄ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ጁባን አቋርጦ የሚሄደው ነጭ አባይ ካርቱም ላይ ከጣና ከሚመጣው አባይ ጋር ይገናኛል። ሁለቱ አንድ ሆነው ወደ ሰሜን ሲወርዱ፣ ካሪማ ከተማ አጠገብ ጀበል ባርካል በሚባል ተራራ ሥር ያልፋሉ። እዚያ የኩሽ ነገሥታት የአሙን ቤተ መቅደስ ነበራቸው። ግሪኮች እንደሚተርኩት ባለ አራት ፈረስ ሰረገላ በኦሎምፒያ መሽቀዳደም የጀመረው በ680 ዓመተ ዓለም ነው። በዚያን ጊዜ ኩሽንና ግብፅን የሚገዛው፣ መጽሐፍ ቅዱስ የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ የሚለው ታሃርቃ ነበር። የኩሽ ፈረሶች ዝናቸው ሩቅ የደረሰ ስለነበረ አሦራውያን ለሰረገሎቻቸው ይፈልጓቸው ነበር።

ከታሃርቃ በፊት የነገሠው ፒዬ ግብፅን ድል ካደረገ በኋላ በዚሁ ቤተ መቅደስ 159 መስመር የተጻፈበት የድንጋይ ሐውልት አቆመ። ሐውልቱ በ1862 እ.ኤ.አ. ተገኝቶ ወደ ካይሮ ሙዚየም ተወሰደ። በራስጌው ላይ የተሸነፈው ንጉሥ ኒምሎት በአንድ እጁ ፈረስ እየሳበ፣ በሌላው ጸናጽል ይዞ ወደ ፒዬ ሲቀርብ ይታያል። ጸናጽሉ ዛሬም በቤተ ክርስቲያናችን ደብተራዎች እጅ የምናየው ዓይነት መሣሪያ ነው።

ጽሑፉ እንደሚለው ፒዬ የኒምሎትን ከተማ ከብቦ ካስገበረ በኋላ ወደ ፈረሶቹ ጋጣ ገባ። ፈረሶቹ በረሃብ መጎዳታቸውን ሲያይ እጅግ አዘነ፤ ኒምሎት ከሠራው በደል ሁሉ ይሄ የባሰ ነው ብሎ ተቆጣ። ፍቅሩ የአፍ ብቻ አልነበረም። ከተራራው ብዙም በማይርቀው በኤል ኩሩ፣ በፒዬና ከእሱ በኋላ በነገሡ ሦስት ነገሥታት ዘመን የተቀበሩ 24 ፈረሶች በቁፋሮ ተገኝተዋል። የተቀበሩት ከነጌጣቸው፣ እንደቆሙ ነው።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። በተከበበች ከተማ የሚራበው ፈረስ ብቻ አይደለም። ለፈረስ ገብስ ሲጠፋ ለልጅም እንጀራ ይጠፋል፤ ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገንም። ከተማዋን የከበበው ደግሞ ራሱ ፒዬ ነበር። ሐውልቱን ያቆመው ግን ድል አድራጊው ስለሆነ ጥፋቱ በተሸነፈው ላይ ወደቀ። በኦሎምፒያም እንደዚሁ፣ የፔሎፕስ ስም በዓለም ሲታወቅ በፈረሶቹ አጠገብ የተንበረከኩትን በስም የሚጠራቸው ብዙ የለም።

ስለዚህ መምህራን፣ ሐውልት ስታስተምሩ ማን እንዳሸነፈ ብቻ አትጠይቁ። ድንጋዩን ማን አስቀረጸው? ፈረሱን የያዘው ማን ነው? ያልተቀረጸውስ? እነዚህ ጥያቄዎች ሙዚየምም፣ ብዙ መጽሐፍም አይፈልጉም፤ ከዛፍ ሥርም ይጠየቃሉ።

ለክፍል ውይይት፦
1. ነጭ አባይንና አባይን በካርታ ስላችሁ ጀበል ባርካልን አመልክቱ።
2. ሐውልቱን ያቆመችው ከተከበበችው ከተማ አንዲት እናት ብትሆን ኖሮ ምን ታስጽፍ ነበር? በአሥር መስመር ጻፉ።