«ውሰት» እና «ብድር»፦ ስለ ቤተ መጻሕፍት ቃላት አመጣጥ

አንድ ቃል ከጥንት ሥራው ወደ አዲስ ሥራ ሲሸጋገር አብሮት የሚሸጋገር ልማድና ግዴታ አለ። ይህን በግልጽ ከሚያሳዩት ሙያዎች አንዱ የቤተ መጻሕፍት ሥራ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ መጽሐፍን ለአንባቢ ሰጥቶ መልሶ የመቀበልን ሥራ የሚገልጹት ቃላት እንዴት እንደ መጡ መመርመር፣ ይልቁንም «ውሰት» የሚለው ቃል በ«ብድር» እንዳይተካ ለተርጓሚዎች ማሳሰብ ነው።

ዘመናዊ ቤተ መጻሕፍት ከመቋቋሙ በፊት የአድባራትና የገዳማት መጻሕፍት ከንዋየ ቅድሳቱ ጋር በዕቃ ቤት ይጠበቁ ነበር። የብራናው መጽሐፍ ከቆዳ በተሠራ ማኅደር ውስጥ ገብቶ በማንገቻው ከግድግዳ ላይ ይሰቀላል። «ማኅደር» ኀደረ ከሚለው የግእዝ ግስ የተገኘ ሲሆን ትርጉሙ ማደሪያ ነው፤ ዛሬ ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ የጉዳይ ወረቀት የሚያዝበት ፋይል መጠሪያ ለመሆን በቅቷል። መጽሐፉ ወጥቶ እንዳይቀር የሚጠብቀው ሕግም በራሱ በመጽሐፉ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ይኸውም የሰረቀውን ወይም ጽሕፈቱን የፋቀውን ሰው የሚያወግዝ ቃለ ግዘት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ ቢጠፋ ትክክለኛ ምትክ አይገኝለትም።

በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለሕዝብ አገልግሎት የተቋቋመው ድርጅት «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» የሚል የግእዝ ስያሜ ነበረው። ሕዝቡ ግን ረጅሙን ስም አሳጥሮ «ወመዘክር» አለው። በግእዝ «ወ» መስተጻምር ስለሆነ፣ የአጭሩ ስም ቀጥተኛ ፍቺ «እና መዘክር» መሆኑ ነው። ዋናው ስም ወድቆ መስተጻምሩ ከተከታዩ ቃል ጋር ተጣብቆ ቀረ። ሰዋስው ዐዋቂው ቢገረምም ስሙ ጸንቷል፤ የሚያሳስተው አንባቢ የለምና።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር፣ በ1954 ዓ.ም.ም ዩኒቨርሲቲው ሲመሠረት፣ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር። ስለዚህ የቤተ መጻሕፍቱም ቃላት በዚያው ቋንቋ ገቡ፤ «ካታሎግ» እና «ሪዘርቭ» በተማሪው አፍ ለመዱ። ቃሉን እንዳለ መዋሱ የከፋ ጉዳት አላስከተለም። ጉዳት የሚመጣው የውጭው ቃል ፍቺ ሳይመረመር በመጀመሪያ የተገኘው የአማርኛ ቃል ሲተካበት ነው።

ለዚህ ዋናው ምሳሌ «ብድር» ነው። እንግሊዝኛው ገንዘብንም መጽሐፍንም በአንድ ቃል ያበድራል። አማርኛ ግን ሁለቱን ለይቷል። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጤፍ ወይም ጨው ይበደራል፤ ወንፊት ወይም ምሳር ግን ይዋሳል። የተበደረው ጤፍ ተበልቶ ሌላ ጤፍ ይተካል፤ የተዋሰው ምሳር ግን ያው ራሱ ይመለሳል። «ብድር መላሽ» ሲባል እንኳ የሚመለሰው አጸፋው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህንኑ ልዩነት በሁለት የተለያዩ ውሎች ደንግጎታል፤ በአንደኛው የነገሩ ባለቤትነት ወደ ተቀባዩ ሲተላለፍ በሁለተኛው ከሰጪው ዘንድ ይቆያል።

እንግዲህ አንድ የቤተ መጻሕፍት ደንብ «መጽሐፍ መበደር» ብሎ ቢጽፍ፣ የቃሉን ፍቺ የሚያውቅ አንባቢ ሌላ ቅጂ ገዝቶ መተካት እንደሚችል ቢረዳ አይፈረድበትም። የታተመ መጽሐፍ ከሆነ ነገሩ ይቀል ይሆናል፤ በኅዳጉ የቀደሙ ሊቃውንት ማስታወሻ ያለበት መጽሐፍ ወይም ብራና ከሆነ ግን በቃሉ የተነሣ የሚጠፋው ራሱ ቅርሱ ነው።

ሌሎችም ጥንቃቄ የሚያሻቸው ቃላት አሉ። አንባቢው ቀኑ እንዲጨመርለት ሲጠይቅ «መጽሐፉን ማደስ» የሚሉ አሉ፤ መጽሐፍ ታደሰ ማለት ግን ተጠገነ ወይም ዳግመኛ ተደጐሰ ማለት ነው። ትክክለኛው «የውሰት ጊዜን ማራዘም» ነው። በቀኑ ያልተመለሰውን «ጊዜው ያለፈበት መጽሐፍ» ማለትም ደራሲውን መስደብ ይሆናል፤ ዕውቀቱ አርጅቷል ያሰኛልና። «መመለሻ ቀኑ ያለፈ» ቢባል ይበቃል። «የጥሪ ቁጥር» የሚለውም አንባቢው ወደ መደርደሪያው ሳይገባ መጽሐፉን በሠራተኛ እያስጠራ ይቀበል ከነበረበት ሥርዓት የተወረሰ ነው፤ አንባቢ ራሱ ከመደርደሪያው በሚያነሣበት ቤት «የመደርደሪያ ቁጥር» የተሻለ ይገልጸዋል። በአንጻሩ «ማጣቀሻ» መልካም ስያሜ ነው። «ጠቀሰ» ከሚለው ግስ የወጣ በመሆኑ መጽሐፉ ለምን እንደሚፈለግ ያመለክታል፤ ከቤት የማይወጣበትንም ምክንያት ለማስረዳት ይረዳል።

ከዚህ በላይ እንደ ታየው፣ ለቤተ መጻሕፍት ሥራ ስያሜ የሚሻ ተርጓሚ ከባዕድ መዝገበ ቃላት አስቀድሞ የሠፈሩን አነጋገር ቢመረምር ይጠቀማል። ወንፊት ስትዋስ የኖረች እናት ለመጽሐፍ የሚሆነውን ቃል አስቀድማ ታውቀዋለች።