እንግዳው ሄዷል፣ ዕቃው ቀርቷል፦ ከሲራራ ነጋዴ ማደሪያ እስከ ሚዛን አልጋ ቤት

ጥቅምት ከገባ ጀምሮ የቡናው ወቅት እስኪያልቅ ድረስ በሚዛን፣ በቴፒና በቦንጋ አልጋ ማግኘት ቀላል አይደለም። ጀንፈል የሚገዛው፣ ከጅማና ከአዲስ አበባ የመጣው አቅራቢ፣ የአይሱዙው ሹፌርና ረዳቱ ሁሉም የሚያድሩት እዚያው ነው። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ መኪናው ሊነሣ ነው ይባላል። ሰውየው በእንቅልፍ ልቡ ተነሥቶ ይወጣል፣ ትራሱ ሥር ያስቀመጠውን ይረሳል። ረፋዱ ላይ አልጋ የምታነጥፈው ልጅ አንሶላውን ስታነሣ ታገኘዋለች። አንዳንዴ የስልክ ቻርጀር ነው፣ አንዳንዴ የወርቅ ቀለበት። አንዳንዴ ደግሞ በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ፣ የስንት ገበሬ ቡና ዋጋ የሆነ ብር ነው።

ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም የለም። በእጇ የያዘችው ገንዘብ ምን ተብሎ ይጠራ? የተገኘ ዕቃ ነው? ሲሳይ ነው? ወይስ አማና? ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም፣ ሁክሙ የሚከተለው ስሙን ነው። ቡናው አገር ደግሞ ይህ ጥያቄ የተጀመረው ሆቴል ከመምጣቱ ከረጅም ጊዜ በፊት ነው።

ሆቴል በአገራችን የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያው የሚባለው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ሰው በገንዘቡ ደጅ መብላት ነውር ሆኖበት ስለነበር አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን እየጋበዙ፣ ሒሳቡን እየከፈሉ አስለመዱ ይባላል። የደቡብ ምዕራቡ ሕዝብ ግን ከዚያ በፊት ለብዙ ትውልድ የሩቅ አገር ሰው ሲያሳድር ኖሯል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሲራራ ነጋዴው መንገድ ከምጽዋ ተነሥቶ በጎንደር፣ ጎጃም ውስጥ በባሶ ገበያ ያልፋል። ዓባይን ተሻግሮ ጉድሩን፣ የሊሙ እናሪያን ገበያ ሰቃን፣ የጅማን ሂርማታን አቋርጦ ከፋ ውስጥ ቦንጋ ይደርሳል። ከሰሜን አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ዶቃ ይወርዳል። ከደቡብ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ኮሮሪማና ቡና ይወጣል። ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ጀበርቲ ሙስሊሞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1825 እስከ 1861 ሊሙ እናሪያን የገዛው አባ ባጊቦ በዚህ ንግድ ስሙ የገነነ ንጉሥ ነው። እስልምናም ወደ ግቤ መንግሥታት የገባው በአብዛኛው በእነዚሁ ነጋዴዎች እጅ ነው። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843 እናሪያንና ከፋን ያየው ነጋዴዎቹ የጠረጉትን መንገድ ተከትሎ ነው።

ይህ መንገድ ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። ክረምት ሲገባ ዓባይና ግቤ ይሞላሉ፣ ነጋዴው ወንዙ እስኪጎድል ይቀመጣል። ከፋ ውስጥ ደግሞ የውጭ ነጋዴ እንደፈለገ አገሩን እንዲዞር አይፈቀድለትም ነበር፣ በተመደበለት ስፍራ ተቀምጦ ይገበያያል። ስለዚህ አሳዳሪ ያስፈልገዋል። ቤት የሚሰጠው፣ ቋንቋ የሚያስተረጉምለት፣ ከሁሉ በላይ ዕቃውን የሚያስቀምጥለት ሰው ማለት ነው። አሞሌ ከባድ ነው፣ ዝናብ ካገኘው ይሟሟል፣ ወደ ደቡብ በወረደ ቁጥር ግን ዋጋው ይጨምራል። ደቡብ ድረስ ያደረሰውን አሞሌ ማንም ተሸክሞ ወደ ሰሜን አይመልስም። ያልተሸጠው እዚያው፣ አንድ ሰው ቤት፣ ከጣሪያ ሥር ደረቅ ቦታ መቀመጥ አለበት። ደረሰኝ የለም። ባንክም የለም፣ የመጀመሪያው የሐበሻ ባንክ እንኳ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ያለው የአሳዳሪው ቃል ብቻ ነው። አንድ አሳዳሪ አደራ ቢበላ ወሬው በየገበያው ከሲራራው ጋር ይጓዛል፣ በሚቀጥለው በጋ ደጁን የሚረግጥ ነጋዴ አያገኝም።

በምሥራቁ በኩል ይኸው ነገር መጠሪያ ነበረው። በሶማሌና በሐረር መንገድ ለእንግዳው ነፍስና ንብረት የሚዋሰው ሰው «አባን» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እንኳ ያለ አባን አልተንቀሳቀሰም።

ይህን ታሪክ ስናወራ ግን ማር ብቻ አንቀባው። በዚሁ መንገድ፣ ከዝባዱና ከቡናው ጎን፣ ሰው ይሸጥ ነበር። ከሻጩም ከገዢውም ወገን ክርስቲያንም ሙስሊምም ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1897 የከፋ መንግሥት ከወደቀ በኋላም አካባቢው በባሪያ ፈንጋይ ክፉኛ ተመዝብሯል። አደራ የተቀበለውን አሞሌ አንድም ሳያጎድል ለባለቤቱ የመለሰ ነጋዴ፣ ለእናቱ ያልመለሰው ልጅ በሲራራው ውስጥ ሊኖር ይችል ነበር። አያቶቻችን በአማና የታመኑ ነበሩ ስንል ይህንንም አብረን ማወቅ አለብን።

አሁን ወደ ስሙ እንመለስ። ብዙ ወጣት እንዲህ ያለ ዕቃ ሲገኝ ወዲያው «ሉቀጣ ነው፣ አንድ ዓመት አስታውቆ መውሰድ ይቻላል» ይላል። ግማሹ ትክክል ነው። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው ዘይድ ኢብኑ ኻሊድ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሀዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወድቆ ስለተገኘ ገንዘብ ሲጠየቁ፣ ያገኘው ሰው መያዣ ከረጢቱንና ማሰሪያውን ለይቶ እንዲያውቅ፣ ከዚያም አንድ ዓመት እንዲያስታውቅ አዘዋል። ኡበይ ኢብኑ ከዕብ (ረ.ዐ) መቶ ዲናር የያዘ ከረጢት ባገኙ ጊዜ ዓመት ቆይተው ቢመለሱ እንደገና አስታውቅ ተባሉ። ከዓመቱ በኋላ ባለው ነገር ላይ መዝሀቦች ይለያያሉ። በሻፊዒዮች ዘንድ ያገኘው ሰው ሊጠቀምበት ይችላል፣ ባለቤቱ ከመጣ ግን ይተካል። ሐነፊዎች ደግሞ ያገኘው ሰው ሀብታም ከሆነ በባለቤቱ ስም ሰደቃ ያደርገዋል ይላሉ።

ይህ ሁሉ ግን ባለቤቱ ላልታወቀ ዕቃ ነው። የፊቅህ ሊቃውንት ከሉቀጣ ለይተው የሚጠቅሱት ሌላ ምሳሌ አለ፦ ነፋስ አንሥቶ ግቢህ ውስጥ የጣለው የጎረቤት ልብስ። አንተ አልወሰድከውም፣ እሱም አልሰጠህም። ነገር ግን እጅህ ከገባ አማና ነው። ባለቤቱን ካወቅከው ፈጥነህ ልታሳውቀው ይገባል፣ ዓመት መቁጠር የለም። በአልጋ ቤት የተረሳ ዕቃ ለእኔ ከመንገድ ላይ ከረጢት ይልቅ ለዚህ ልብስ ይቀርባል። መዝገቡ ላይ የእንግዳው ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና ስልክ አለ። የገባበትና የወጣበት ቀን ተጽፏል። እንዲህ የታወቀን ሰው ዕቃ «ሉቀጣ» ብሎ ዓመት መጠበቅ በሀዲስ ሽፋን ስልክ ላለመደወል ሰበብ መፈለግ ይሆናል።

መደወሉ ራሱ አደብ ይፈልጋል። አንዳንድ እንግዳ ትክክለኛ ስሙን አያስመዘግብም፣ ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል። አንዳንዱ ደግሞ የት እንዳደረ ቤተሰቡ እንዲያውቅ አይሻም። ስልኩን ሌላ ሰው ካነሣው «ዕቃ ስለረሳ እንዲደውልልን» ማለት ይበቃል፣ የክፍሉን ቁጥርና አብሮት የነበረውን መዘርዘር የእኛ ሥራ አይደለም። አማናን መመለስ ሰውን ማጋለጫ መሆን የለበትም። የተመዘገበው ስምም ስልክም ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ግን ዕቃው ባለቤቱ እንዳልታወቀ ይሆናል፣ ያኔ የማስታወቁ ጊዜ ይጀምራል።

ማስታወቅ ላይ ዛሬ ብዙ ስህተት አያለሁ። ቦርሳ ተገኘ ተብሎ ፎቶው ከነቀለሙ፣ ከነመታወቂያው፣ ከነብሩ መጠን በቴሌግራም ይለቀቃል። ከዚያ አሥር «ባለቤት» ይደውላል፣ ሁሉም ትክክለኛውን ምልክት ይናገራል፣ አይቶታልና። መያዣውንና ማሰሪያውን እወቅ የተባለው ለዚህ ነበር። ምልክቱ የሚጠበቀው ጠያቂው ራሱ እንዲናገረው ነው። «ቅዳሜ ዕለት በዚህ ሆቴል ገንዘብ ተገኝቷል» በቂ ነው። ስንት ነው፣ በምን ተጠቅልሏል፣ ከምን ጋር ነበር የሚለውን የጠፋበት ሰው ይንገረን። በሌላ ሀዲስ ደግሞ ያገኘ ሰው ፍትሐዊ ምስክር እንዲያቆምና እንዳይደብቅ ታዟል። ይህ ለአልጋ አንጣፊዋ ልጅ ትልቅ መከላከያ ነው። ፌስታሉን ብቻዋን ሳትፈታ የሥራ ባልደረባዋን ጠርታ አብረው ቢቆጥሩ፣ ቀኑንና የክፍሉን ቁጥር ጽፈው ሁለቱም ቢፈርሙ፣ ነገ እንግዳው ተመልሶ «ከዚህ ይበልጥ ነበር» ቢል የሚናገርላት ወረቀት አላት። በድሮ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲነሣ ሌባሻይ ይጠራ ነበር። መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ስንት ንጹሕ ሰው በዚያ እንደተበላ አላህ ይወቀው።

የአገሩ ሕግም ከዚህ የራቀ አይደለም። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ ዕቃ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅና በጥንቃቄ እንዲይዝ ያዛል፣ ላወጣው ወጪና ፍርድ ቤት ለሚወስነው ወሮታም በር ይከፍታል። በፊቅሁ ባለቤቱ አስቀድሞ ወሮታ ካልገባ በቀር ያገኘው ሰው እንደ መብት አይጠይቅም፣ እዚህ ላይ ሁለቱ ይለያያሉ። ሆቴሉም ለእንግዳው ንብረት በሕግ ኃላፊነት አለበት። በየእንግዳ መቀበያው የሚለጠፈው «ለጠፋ ዕቃ ኃላፊ አይደለንም» የሚል ወረቀት ሕግ የሚሽር አዋጅ አይደለም። የተገኘን ዕቃ ለራስ ማድረግ ደግሞ በወንጀል ሕጉ ያስጠይቃል።

እስካሁን የተናገርነው እንግዳው የዕቃው ባለቤት ከሆነ ነው። ካልሆነስ? እንግዳ የተወው ሻንጣ ሲከፈት የተሰረቀ ነገር ቢወጣ ለማን ይመለሳል? ይህ በቅርብ ዘመን በአንድ ኢትዮጵያዊ ቤት በእውነት ደርሷል። ሲራክ አስፋው በደርግ ጊዜ ከአገር ተሰድዶ ኔዘርላንድስ፣ ሮተርዳም የሚኖር ሰው ነው፣ ቤቱ ለአገሩ ልጆች ማረፊያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ከእንግዶቹ አንዱ ባስቀመጠው ሻንጣ ውስጥ ዘውድ አገኘ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ ትግራይ ውስጥ ከጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የጠፋ ዘውድ ነበር።

ሲራክ እንግዳውን ተጋፈጠው፣ ዘውዱ ወደ ኢትዮጵያ ካልሆነ በቀር ከዚህ ቤት አይወጣም አለው። ለእንግዳው ቢመልሰው የሌባን መንገድ ማቅናት ነው። ለፖሊስ ቢሰጠው ደግሞ ተወስዶ እንዳይቀር ፈራ፣ በጊዜው የነበረውን መንግሥትም አላመነም። ስለዚህ ደበቀው። በእስልምና ሊቃውንት ዘንድም የተሰረቀ ዕቃ በአደራ የተቀመጠበት ሰው፣ ባለቤቱን ካወቀ፣ ለአስቀማጩ አይመልስም፣ ለእውነተኛው ባለቤት ያደርሳል እንጂ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሂጅራ ሌሊት ሊገድሏቸው ያሴሩትን ሰዎች አማና እንዲመልስ ዐሊይን (ረ.ዐ) መካ ማስቀረታቸውን የምናውቅ ሰዎች፣ የቤተ ክርስቲያን ዘውድ የጠበቀ ሰው ታሪክ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም።

ሲራክ ዘውዱን 21 ዓመት ይዞ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2019 የጠፉ ቅርሶችን በማፈላለግ ለሚታወቀው ሆላንዳዊ አርተር ብራንድ ነገሩን ገለጠለት፣ ዘውዱም በጥበቃ ሥር ሆነ። የካቲት 2012 ዓ.ም አዲስ አበባ ገብቶ ለጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ተሰጠ።