ለማንም አትንገር

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ የማወጋችሁ ተረት አይደለም። ከወልድያ ወደ ቆቦ ስትሄዱ መንገድ ዳር ጎብዬን ታገኛላችሁ። እዚያ አንድ ጎረምሳ አለ በሉ፤ ስሙን ተዉት፣ በራያ ቆላ እሱን መሳይ ብዙ ነው። ትምህርቱን አቋርጧል። የአባቱ መሬት ለወንድማማቾቹ አይበቃም። ማሽላውም ዝናብ ሲጠብቅ ጠውልጓል።

ደላላው መጣ። የሩቅ ሰው እንዳይመስላችሁ፣ አነጋገሩ እንኳ የዚያው የቆላው ነው። «አንዲት ብር አትከፍልም» አለው። «ሳዑዲ ገብተህ ሥራ ስትይዝ ትከፍላለህ። መኪናው ነገ ሌሊት ነው። ለማንም አትንገር።»

ልጁ ደስ አለው። ደስታው መሐል ግን ሆዱን አንድ ነገር ጎረበጠው፤ ይህ ሰው ምኔ ነውና ነው እንዲህ የሚያዝንልኝ?

ይህን መጎርበጥ ፍርሃት የሚሉት አሉ። እኔ እውቀት ነው እላለሁ። የቆላ ገበሬ አቀንጭራ የሚባለውን አረም ያውቀዋል። ዘሩ ለዓመታት አፈር ውስጥ ተኝቶ ይቆይና የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ነገር ሲደርሰው ይነቃል፤ ሥሩ ላይ ተጣብቆም ይመጠዋል። ከላይ የሚታየው ያማረ ሐምራዊ አበባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች አውጥተዋል፤ አንዱ ዝርያ ጎብዬ ይባላል። ይህ ማሽላ ጠላቱን የሚቀሰቅሰውን ነገር እምብዛም አይለቅም። ደላላም እንደ አቀንጭራው የሚነቃው የቸገረው ቤት ሲሸተው ነው።

«በነጻ» የተባለው ሒሳብ የመን ላይ ይወራረዳል። በአፋር በረሃ ጅቡቲ ገብተው፣ ከዚያው ከኦቦክ በጀልባ የመን ከደረሱት ስንቶቹ ታግተው ተደብድበዋል! ጩኸታቸው በስልክ ለእናት ይሰማል። በሬው ይሸጣል፣ ዘመድ ይበደራል። ባሕሩም አለ፤ ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የመን ውስጥ አብያን አጠገብ በሰጠመችው ጀልባ ከ60 በላይ ሰዎች አለቁ፣ ተሳፋሪዎቿ አብዛኞቹ የእኛው ልጆች ነበሩ። ተሻግሮ የገባውስ? ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ወራት ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች።

ደግሞ ልብ በሉ፣ የሚያስጠረጥረው ነጻ መባሉ ብቻ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት በሕጋዊው መንገድም ቪዛውና የጉዞ ወጪው የአሠሪው ነው። እዚያ ግን ፈቃድ ያለው ኤጀንሲና የተጻፈ ውል አለ። እዚህ ያለው ሌሊትና ምስጢር ነው። ልጁን የጎረበጠውም ይኸው «ለማንም አትንገር» የሚለው ነው።

ስለዚህ ነገረ። ለእናቱ ነገረ።

እናትየው ደላላውን አስጠሩት። ቡና አቀረቡለት፣ አላዋረዱትም። «የኤጀንሲህ ፈቃድ የታል? ውሉስ?» አሉት።

«እናቴዋ፣ እኛ መተማመን ነው፤ ወረቀት ምን ያደርግልዎታል?»

«እንግዲያው ይህንኑ ሽማግሌ ፊት ድገምልኝ።»

ቡናውን ሳይጨርስ ተነሣ። ከሰዓት በኋላ፣ ልጃቸው ሥራ ፈትቶ ወደተቀመጠ ጎረቤት ቤት ሲያዘግም ታየ። እናትየውም ነጠላቸውን አጣፉና ተከትለውት ገቡ።