ሐይቅና አምባሰል፦ የ2014ቱ ጦርነት እንዴት ታለፈ፣ እንዴትስ ይታወሳል?

ደቡብ ወሎ ውስጥ «ጦርነቱ ጊዜ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጥቅምትና ኅዳር 2014ን ነው። ጦርነቱ ግን የጀመረው ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ነው። ለብዙ ወራት ሐይቅና ውጫሌ ላይ በዜና የሚሰማ፣ ልጅ በዘመተበት ቤት ደግሞ በስልክ የሚጠበቅ ነገር ነበር።

መጀመሪያ መንገዱን እንያዝ፣ ያለዚያ ታሪኩ አይገባም። ከወልድያ ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት በመርሳ፣ በውርጌሳ፣ በውጫሌና በሐይቅ በኩል ያልፋል። ውጫሌ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ናት (አዎ፣ የ1881ዱ ውል በስሟ የሚጠራባት)። ሐይቅ ደግሞ የተሁለደሬ ወረዳ ከተማ ስትሆን ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ በኩል ደሴን የፈለገ ጦር እነዚህን ከተሞች ሳይረግጥ አያልፍም።

ሰኔ 2013 የፌዴራል ጦር መቀሌን ለቆ ወጣ፤ ውጊያው ወደ ደቡብ ተሻገረ። ነሐሴ ላይ ወልድያ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች። ከቆቦ፣ ከወልድያና ከመርሳ የሸሸው ሕዝብ በዚሁ አስፋልት ወረደ። ከፊሉ በትምህርት ቤቶች፣ ከፊሉ በዘመድና በማያውቀው ሰው ቤት ተጠጋ። በዚያ ክረምት የሐይቅ ሰው እንግዳ ተቀባይ ነበር። ጥቅምት ላይ ውጊያው ውርጌሳና ውጫሌ ሲደርስ ተቀባዩ ራሱ ተፈናቃይ ሆነ። ከእንግዶቹ ጋር አብሮ ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ አልፎም እስከ ደብረ ብርሃን። ሁለትና ሦስት ጊዜ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ያሉት ለዚህ ነው።

ሁሉም ግን አልሸሸም። ወጣቱና የመንግሥት ሠራተኛው ቀድሞ ወጣ። አቅመ ደካማው፣ ወላዷ፣ ከብት ያለው ገበሬ ቀረ። ጊዜውም ለገበሬ የማይሆን ጊዜ ነበር፤ ማሽላው እሸት፣ ጤፉ ሊታጨድ ደርሷል። የዓመት ጉርስህን ሜዳ ላይ ጥለህ የት ትሄዳለህ?

ጥቅምት 20 እና 21 ደሴና ኮምቦልቻ በትግራይ ኃይሎች መያዛቸው ተነገረ። ጥቅምት 23 መንግሥት በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። በተያዙት አካባቢዎች መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋረጠ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም የዚያን ጊዜ ሰው ሲያወራ ከተኩሱ እኩል የሚያነሳው ይሄንን ነው። መብራት ከሌለ ወፍጮ የለም። እህል እያለ ዱቄት ይጠፋል፤ ስለዚህ ንፍሮ፣ ቆሎ፣ እናቶች ረስተውት የነበረው የድንጋይ ወፍጮ። ባንክ ከሌለ ደብተር ላይ ያለ ብር ወረቀት ነው። ስልክ ከሌለ ደግሞ ደሴ የገባው ልጅ በሕይወት ይኑር አይኑር አይታወቅም። ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ሰው መድኃኒቱ ሲያልቅ የሚሄድበት አልነበረውም፤ ጤና ተቋማቱ ተዘርፈዋል።

ኅዳር 27 ቀን መንግሥት ደሴና ኮምቦልቻን መልሶ መያዙን አስታወቀ። በዚያው መንገድ ወደ ሰሜን ያሉት ከተሞችም ተራ በተራ ተለቀቁ፤ ታኅሣሥ ላይ ወልድያ ደረሰ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን መጋቢት 2014 ባወጣው ሪፖርት በአማራና በአፋር ክልሎች ቢያንስ 750 ሲቪሎች መገደላቸውን ገልጿል። ግድያ፣ መድፈርና ዘረፋ ተመዝግበዋል።

ቃላቱም የትዝታው አካል ናቸው። በአማራ ክልል «ወረራ» ይባላል። ትግራይ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ጦርነቱን የሚቆጥረው ከ2013፣ ከራሱ ከበባና ረሃብ ነው። በአዋጁ ጊዜ በየከተማው ብዙ የትግራይ ተወላጆች በማንነታቸው ታስረዋል፤ ከወሎ ሰው ጋር ቡና ሲጠጡ የኖሩ ጎረቤቶችም ነበሩ። ይሄኛው ክፍል ለቅሶ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ዝም ይባላል። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ሲፈረም የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ የነበሩት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ በኋላ የሟቾቹን ቁጥር እስከ 600,000 ገምተውታል።

ሐይቅና አምባሰል ውስጥ ትዝታው በሐውልት ሳይሆን በቅሬ ነው የሚኖረው። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ይቀብራል። በጦርነቱ ጊዜ ድንኳን ሳይተከል በጥድፊያ የተቀበረ ሰው ነበር። ሰላም ሲሆን ሰደቃውም ተዝካሩም ወጣ፤ ወዳጃ ተቀምጦ ዱዓ ተደረገ፤ «አብሽሪ» ተባለ። የአምባሰል ቅኝትን ከሙዚቃ ብቻ የምታውቁ ካላችሁ፣ ስሙን የሰጠው ይሄው ሰው የሚያዝንበት ተራራማ አገር ነው።

በስልክ የተቀረጸ ነገር ፈልጋችሁ ብዙ ባታገኙ አትገረሙ። ኔትወርክ አልነበረም፣ ቻርጅ አልነበረም፣ ስልክም ይቀማ ነበር። ያለው በአፍ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢንተርኔትም ለወራት ተቋረጠ። አሁን የሐይቅ ሰው «ጦርነቱ ጊዜ» ሲላችሁ «የቱ?» ብላችሁ መጠየቅ አለባችሁ።