ርስትና የጎልፍ ሜዳ በሂልተን ሄድ ደሴት

በአሜሪካ የደቡብ ካሮላይና ግዛት ጠረፍ የምትገኘው ሂልተን ሄድ ደሴት ዛሬ ከ37,000 በላይ ቋሚ ነዋሪዎች ያሏት፣ ከ20 በላይ የጎልፍ ሜዳዎች የተዘረጉባትና በየዓመቱ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡ እንግዶች የሚጎበኟት ከተማ ናት። ከመሬቷ አብዛኛው በጥበቃ በር የተከለሉ የግል መንደሮች ይዞታ ሲሆን፣ በእነዚህ መንደሮች ቤት የሚገዛ ሰው ከግድግዳውና ከጣሪያው ጋር ለመሬቱ የተጻፈውን የግዴታ ውል፣ ዓመታዊውን የጋራ መዋጮና የጎልፍ ሜዳውን ጉርብትና አብሮ ይገዛል። በጠረፍ፣ በጎልፍና በውል ላይ የቆመው ይህ አኗኗር ከሂልተን ሄድ ተነሥቶ በብዙ የአሜሪካ ጠረፎች የተቀዳ ስለሆነ፣ የደሴቲቱን ታሪክ መመርመር የጠቅላላውን ልማት ባሕርይ ለመረዳት ይበጃል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደሴቲቱ ስሟን ያገኘችው በ1663 አካባቢውን በመርከብ ካሰሰው ከእንግሊዛዊው ካፒቴን ዊልያም ሂልተን ነው። በ1790 «የባሕር ደሴት ጥጥ» የሚባለው፣ ክሩ ረጅምና ለስላሳ በመሆኑ በአውሮፓ ገበያ እጅግ የሚፈለገው የጥጥ ዓይነት በዚህችው ደሴት በተሳካ ሁኔታ ከበቀለ በኋላ መሬቱ ከምዕራብ አፍሪካ ተግዘው በመጡ ባሮች ጉልበት በሚታረሱ ሰፋፊ እርሻዎች ተከፋፈለ። በእርስ በርስ ጦርነቱ መባቻ፣ በኅዳር ወር 1861፣ የሰሜኑ ጦር ከደሴቲቱ አጠገብ ያለውን የፖርት ሮያልን ወደብ በባሕር ኃይል ድብደባ ሲይዝ የእርሻዎቹ ባለቤቶች ጥለው ሸሹ፤ ባሮቹ ግን ቀሩ። በማግስቱ ዓመት ጄኔራል ኦርምስቢ ሚቸል ለነጻ ወጪዎቹ የመኖሪያ ቦታ እንዲሰጥ በማዘዙ በስሙ የተጠራችው ሚቸልቪል ተመሠረተች። ነዋሪዎቿ መሪዎቻቸውን ራሳቸው የሚመርጡ፣ ልጆቻቸውንም በደንብ አስገድደው ትምህርት ቤት የሚልኩ ነበሩ፤ ማንበብ መማር በሕግ በተከለከለበት ግዛት ከባርነት ገና የወጣ ሕዝብ የመጀመሪያ ሥራው ይህ መሆኑ ከጦርነቱ ድሎች ሁሉ የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አይደለም።

የእነዚህ ሰዎች ዘሮች ጉላ ይባላሉ። ከእንግሊዝኛና ከልዩ ልዩ የምዕራብ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወለደ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ለኢትዮጵያዊ ዓይን የአክርማ ስፌትን የሚያስታውስ፣ ሣርን እየጠመጠሙና እየሰፉ ቅርጫት የሚሠሩበት ጥበብም ከቅድመ አያቶቻቸው ወርሰዋል። ከጦርነቱ በኋላ ቁራሽ መሬት እየገዙ፣ ዓሣና ሽሪምፕ እያጠመዱ፣ ባቄላና ድንች እያመረቱ በጀልባ በጎረቤት ጆርጂያ ግዛት ወዳለችው ወደ ሳቫና ከተማ ገበያ ሲመላለሱ ቆዩ። መሬቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኑዛዜ አይጻፍም፣ ሰነዱም በአዲስ ስም አይዞርም ነበርና ይዞታው የቀዳሚው ገዢ ዘሮች ሁሉ የጋራ ንብረት ሆኖ ይቀጥላል። የአሜሪካ ሕግ ይህን «የወራሾች ንብረት» ይለዋል፤ አማርኛ ግን ለነገሩ የቀረበ፣ ስሜቱንም የሚይዝ ቃል አለው፤ ርስት ነው። ሩቅ አገር የሄደ ልጅ ሳይቀር ድርሻው ሳይነቀል የሚጠብቀው መሬት በመሆኑም ማንም ለብቻው «የእኔ ነው» አይልም፣ ማንም ግን ባይተዋር አይሆንም።

በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የጥጥ ነቀዝ የባሕር ደሴቱን ጥጥ ካጠፋው በኋላ የቀድሞዎቹ ሰፋፊ እርሻዎች የሰሜን ባለጸጎች አደን የሚያድኑባቸው ጫካዎች ሆኑ፤ ከ1931 ጀምሮም የደሴቲቱ ትልቁ ክፍል በአልፍሬድ ሉሚስና በላንደን ቶርን እጅ ነበር። ከ1949 ወዲህ የጆርጂያ የእንጨት ነጋዴዎች ቡድን ይህን ጫካ ለግንዱ ሲል ገዛ። በዚያን ጊዜ በደሴቲቱ ይኖር የነበረው ሕዝብ አንድ ሺህ ገደማ ሲሆን አብዛኛው ጉላ ነበር፤ መብራት የገባው በ1951፣ የመኪና ማሻገሪያ ጀልባ የተጀመረው በ1953፣ ለመርከቦች እየዞረ መንገድ የሚለቅ ባለ ሁለት መስመር ድልድይ የተከፈተው ደግሞ በ1956 ነው። ከድልድዩ በፊት የነበረውንና ከዚያ በኋላ የመጣውን ዘመን የደሴቲቱ ሽማግሌዎች እንደ ሁለት አገር ለይተው ይናገሩታል፤ ትክክልም ናቸው።

ከእንጨት ነጋዴዎቹ የአንዱ ልጅ የሆነው ቻርልስ ፍሬዘር፣ በ1929 የተወለደና በ1953 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሕግ የተመረቀ ወጣት፣ ጫካው ከግንድነት የበለጠ ዋጋ እንዳለው ተረዳ። በደሴቲቱ ደቡባዊ ጫፍ 5,200 ኤከር፣ ማለትም 2,100 ሄክታር ያህል መሬት ይዞ «ሲ ፓይንስ ፕላንቴሽን» የተሰኘውን መንደር መሠረተ፤ ዕቅዱንም ከታዋቂው የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያ ከሂዴዎ ሳሳኪ ጋር አወጣ። በጊዜው የተለመደው የባሕር ዳርቻ ልማት ቤቶችን በውኃው ጠርዝ እንደ ወታደር ሰልፍ መደርደር ስለነበር፣ ከመጀመሪያው ረድፍ በስተጀርባ የሚኖረው ሰው ባሕሩን አያይም፣ ነፋሱ የከመረው የአሸዋ ጉብታ ይናዳል፣ ዛፉም ይመነጠራል። ፍሬዘር ቤቶቹን ከጉብታው ጀርባ አፈግፍገው እንዲሠሩ አደረገ፤ አጫጭር መንገዶችን ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ዘርግቶ በመካከላቸው የእግር መተላለፊያ በመተው ከውስጥ ያለውም ባለቤት ወደ ዳርቻው በቀላሉ እንዲደርስ አስቻለ፤ 605 ኤከር ደን ደግሞ ቤት እንዳይሠራበት ለየ።

ይህን ሁሉ ያጸናው ግን ንድፉ ሳይሆን ውሉ ነው። በእያንዳንዱ የሽያጭ ሰነድ ውስጥ የገባው ግዴታ ከሰው ወደ ሰው ሳይሆን ከመሬቱ ጋር የሚተላለፍ በመሆኑ፣ ዛሬ የገዛው ብቻ ሳይሆን ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚገዛውም ይታሰርበታል። የቤቱ ከፍታ፣ የቀለሙ ዓይነት፣ ከመንገድ የሚርቅበት መጠን፣ ሊቆረጥ የሚችለው ዛፍ ሁሉ በገምጋሚ ቦርድ ፈቃድ ተወሰነ፤ ግድግዳዎች የዛፍ ቅርፊትና የአሸዋ ቀለም እንዲይዙ፣ መንገዶችም ትልልቅ የኦክ ዛፎችን እየዞሩ እንዲያልፉ ተደረገ። የመንግሥት የግንባታ ደንብ ባልነበረበት ደሴት አንድ ግለሰብ በሽያጭ ውል አማካይነት የከተማ ፕላን ሕግ አወጣ ማለት ይቻላል። የአሜሪካ የጠረፍ ልማት ካፈራቸው ሐሳቦች ውስጥ ይህን የሚስተካከል ጥቂት ነው፤ የዛፎቹም ጥላ እስከ ዛሬ ይመሰክራል።

የጎልፍ ሜዳው በዚህ ዕቅድ ውስጥ የያዘው ቦታ ከመዝናኛነት ያለፈ ነው። የባሕር ዳርቻ መሬት ውስን ስለሆነ ከውኃው ርቆ ያለው ጫካ በርካሽ ይሸጥ ነበር፤ ፌርዌይ የሚባለው፣ ኳሱ ከሚመታበት መነሻ እስከ ቀዳዳው ድረስ የሚዘረጋው አጭር ሣር ያለው መስመር በጫካው ውስጥ ሲጠማዘዝ ግን በግራና በቀኙ ያለው ቦታ ሁሉ «መስኮቱ አረንጓዴ ሜዳ የሚያይ» መሬት ይሆናል፤ ዋጋውም ይንራል። ስለዚህ በርካታ የጎልፍ ሜዳዎች የሚሠሩበት ምክንያት የተጫዋቹ ፍላጎት ብቻ ሳይሆን በአጠገባቸው የሚሸጠው መሬት ነው። በ1969 በሜዳ ነዳፊው በፒት ዳይ ንድፍና በጎልፍ ተጫዋቹ በጃክ ኒክላውስ አማካሪነት የተከፈተው ሃርበር ታውን ሜዳ፣ ብዙ አፈር በማገላበጥ ግዙፍ ሜዳ መሥራት ልማድ በነበረበት ዘመን ጠባብ መስመሮችንና ትናንሽ የመጨረሻ መደቦችን በመምረጡ የሙያውን አቅጣጫ ለወጠ። በዚያው ዓመት የተጀመረውን ውድድር ዝነኛው ተጫዋች አርኖልድ ፓልመር ማሸነፉም የደሴቲቱን ስም በመላው አሜሪካ አስተጋባ፤ ቀይና ነጭ መስመር ያለው የወደቡ ማማም ከዚያ ወዲህ መለያዋ ሆኗል።

በእንዲህ ያለ መንደር የሚኖር ሰው ሕይወት ሲመረመር ሰላሙና ሥርዓቱ እውነተኛ ናቸው፤ በአብዛኛው ጡረታ የወጡት ነዋሪዎች በብስክሌት መንገዱ፣ በማኅበሩ ስብሰባና በሜዳው ዙሪያ የተሳሰረ ኑሮ አላቸው። ይሁን እንጂ ሣሩ ውኃ ይጠጣል። ሂልተን ሄድ የተጣራ የፍሳሽ ውኃን ለጎልፍ ሜዳዎቿ በመጠቀም አርአያ ብትሆንም፣ በደሴቲቱና በሳቫና ለአሥርት ዓመታት በተሳበው የከርሰ ምድር ውኃ ምክንያት የባሕር ጨው ወደ ሰሜናዊ ጫፏ ጉድጓዶች ገብቷል። አውሎ ነፋሱም አለ፤ በነሐሴ 1893 በባሕር ደሴቶቹ ላይ የወረደው ማዕበል እስከ 2,000 የሚገመት ሰው ፈጅቷል፣ በ2016 የመጣው ማቲው የተባለው አውሎ ነፋስም ያን ሁሉ ዓመት የተጠበቁትን ዛፎች በብዛት ጥሏል።

ደሴቲቱ አንድ ሆና የቆመችበት ጊዜ መዘንጋት የለበትም። በ1969 የጀርመኑ ባስፍ ኩባንያ ከደሴቲቱ ማዶ ባለው ጠረፍ የኬሚካል ፋብሪካ ለመትከል ሲነሣ፣ የመንደሮቹ አልሚዎች፣ ጡረተኞችና የጉላ አጥማጆች የኅብረት ሥራ ማኅበር ውኃው እንዳይበከል በአንድነት ተቃወሙ፤ በ1970 ከአጥማጆቹ ጀልባዎች አንዷ የተቃውሞ ፊርማ ጭና እስከ ዋሽንግተን ተጓዘች። ኩባንያው ዕቅዱን በ1971 ተወ። የጎልፍ ሜዳ ባለቤቱና የሽሪምፕ አጥማጁ አንድ ባሕር እንደሚጋሩ በተግባር የታየበት ቀን ያ ነበር።

አንድነቱ ወደ መሬት ጉዳይ አልተሻገረም። የፍሬዘር ኩባንያ ንድፉን ወደ አሜሊያ ደሴትና ወደ ፖርቶ ሪኮ ሲያስፋፋ፣ በ1974 የኩዌት የኢንቨስትመንት ድርጅት በ17.4 ሚሊዮን ዶላር የገዛውን የኪያዋ ደሴት ፕላን ሲያወጣ፣ በሂልተን ሄድ ደግሞ የመሬት ዋጋ በናረ ቁጥር ግብሩ እየናረ ሄደ። አትክልት ከሚያለማ ቤተሰብ በጎልፍ ሜዳ ዋጋ የተሰላ ግብር መጠየቅ ርስቱን ከእጁ ማውጣት ነው። በ1983 ደሴቲቱ በማዘጋጃ ቤት መተዳደር ስትጀምር ብዙ ጉላዎች ተቃውመው ነበር፤ ለታጠሩት መንደሮች የሚስማማው የግንባታ ደንብ በእነርሱ ላይ ሲጸና፣ የፍሳሽ መስመሩ ግን ወደ ሰፈሮቻቸው ለአሥርት ዓመታት ሳይደርስ ቆየ። የርስቱ ጥንካሬም ድክመት ሆነ፤ ከብዙ ወራሾች አንዱ ድርሻውን ለአልሚ ሲሸጥ ገዢው ፍርድ ቤት ሄዶ መሬቱ በሙሉ በሐራጅ እንዲሸጥ ለመጠየቅ ይችል ነበርና። በሃርበር ታውን ውስጥ የሚገኘው የብራዶክ ፖይንት መካነ መቃብር የጉላዎች ቢሆንም፣ የሟቾቹ ዘመዶች ወደዚያ የሚደርሱት የጥበቃ በሩን አልፈው ነው። «ፕላንቴሽን» የሚለው ቃል ለቤት ሻጮች የውበት ስም ሲሆን ለእነርሱ የአያቶቻቸው የባርነት እርሻ ስም መሆኑም ቁስሉን አልፈወሰውም።

ፍሬዘር በ2002 በጀልባ ፍንዳታ ሞቶ በሃርበር ታውን ራሱ ካዳነው የኦክ ዛፍ ሥር ተቀበረ። በውል ኃይል ዛፍን ከመቆረጥ ያዳነ ሰው ባለርስቱን ከመነቀል የሚያድን ውል ለመጻፍ ዕውቀቱም ሥልጣኑም ነበረው፤ አልጻፈም። የደቡብ ካሮላይና ምክር ቤት በ2015 በቻርልስተን ቤተ ክርስቲያን በተገደለው በሴናተር ክሌመንታ ፒንክኒ ስም የወራሾች ንብረት ሕግ ያወጣ ሲሆን፣ ከወራሾች አንዱ የጋራው መሬት እንዲሸጥ ፍርድ ቤት ሲጠይቅ ሌሎቹ ድርሻውን በተገመተው ዋጋ አስቀድመው እንዲገዙ መብት ይሰጣል። ሕጉ የወጣው በ2016፣ ድልድዩ ከተከፈተ ከ60 ዓመት በኋላ ነው።