ራስ ቀስቃሽ ብግነት፦ ወራሪ የሌለበት ትኩሳት

ሐኪሞች «ኦቶኢንፍላማቶሪ» የሚሉት የበሽታ ምድብ ስሙን ያገኘው በቅርቡ ነው። ዳንኤል ካስትነር፣ ማይክል ማክደርሞትና ባልደረቦቻቸው ትኩሳት የሚመላለስባቸውን ቤተሰቦች ዘረመል አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1999 ስያሜውን ያቀረቡት፣ «ኦቶኢሚዩን» የሚለው የቀድሞ ስም እነዚህን ሕመምተኞች አልገልጽ ስላለ ነበር። በአማርኛ ግን ሁለቱም «ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ» እየተባሉ ባንድ ላይ ይታለፋሉ። መደባለቁ የስም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባላነሣሁት ነበር። ነገር ግን ሕመምተኛው የትኛውን ምርመራ እንደሚጠብቅ፣ የትኛውን መድኃኒት እንደሚፈራ፣ ቤተሰቡም ሕመሙን ምን ብሎ እንደሚረዳው የሚወስን ነገር ነው። ለዚህ ምድብ የማቀርበው «ራስ ቀስቃሽ ብግነት» የሚለውን ነው። ብግነት በሕክምናው ቋንቋ የታወቀ ቃል ነው፤ በየቤቱ «ቁስሉ ተቆጣ» ሲባል የሚታየው መቅላት፣ ማበጥ፣ መጋልና መጠዝጠዝ ማለት ነው።

ምድቡን በደንብ የሚያሳየው የሜዲትራኒያን የዘር ትኩሳት የሚባለው በሽታ ነው። በቱርኮች፣ በአርመኖች፣ በዐረቦች እንዲሁም ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ በመጡ አይሁዶች ዘንድ ይበዛል፤ ስለዚህ እስራኤል ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ስሙ እንግዳ ላይሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ዓመት ዕድሜ በፊት ይጀምራል። ጠዋት ሲጫወት የነበረ ልጅ ከሰዓት በኋላ ይበርደዋል፣ ማታ ትኩሳቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ሆዱ ይደድራል፤ እጅ ቢያርፍበት ይጮኻል፤ ጉልበቱን አጥፎ ሳይገላበጥ ይተኛል። የበገነው የሆድ ዕቃውን የሚሸፍነው ስስ ልባስ ነው። ይህን ያየ ሐኪም ትርፍ አንጀት ነው ቢል አይፈረድበትም፤ ሆዳቸው ላይ የስፌት ጠባሳ ያለባቸው፣ ተቆርጦ የወጣው ትርፍ አንጀታቸው ግን ደህና ሆኖ የተገኘ ሕመምተኞች ጥቂት አይደሉም። ሌላ ጊዜ በሽታው ሲነሣ ደረትን አንድ ጎን ይወጋል፤ ወይም አንድ ጉልበት ያሳብጣል፤ አንዳንዴም ቁርጭምጭሚት አካባቢ ቆዳው ቀልቶ ይግላል። ከ12 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ መድኃኒት ቢሰጥም ባይሰጥም፣ ይተወዋል። ልጁም ተነሥቶ ምግብ ይጠይቃል።

የበሽታውን ዘረመል ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች እ.ኤ.አ. በ1997 ለዩት፤ ከዘረመሉ የሚሠራውም ፕሮቲን ፓይሪን ተባለ። ፓይሪን በተለይ ኒውትሮፊል በተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ሆኖ የባክቴሪያ መርዝ የሚያደርሰውን ጉዳት ይጠብቃል፤ ጉዳቱን ሲያገኝ ኢንተርሉኪን-1 የተባለው ትኩሳት አምጪ ንጥረ ነገር እንዲለቀቅ ያደርጋል። ዘረመሉ ሲለወጥ ግን ፓይሪን ባክቴሪያ በሌለበትም ይነቃል። እዚህ ላይ ነው ከኦቶኢሚዩን ጋር መንገዱ የሚለያየው። ሉፐስን በመሰሉ በሽታዎች ሰውነት የራሱን ሕዋሳት ከጠላት ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካላት ያመርትባቸዋል፤ ያ የገዛ ቤተሰቡን የሚነክስ ውሻ ነው። ራስ ቀስቃሽ ብግነት ግን ሌባ ሳይመጣ ሌሊቱን እየጮኸ ሰፈሩን የሚያውክ ውሻ ነው። ለይቶ የሚያሳድደው የለም፤ በደም ምርመራም ፀረ እንግዳ አካላት ቢፈለጉ ለበሽታው መለያ የሚሆን አይገኝም።

ልዩነቱ የቲዎሪ ብቻ እንዳልሆነ የመድኃኒቱ ታሪክ ያሳያል። ለብዙ ኦቶኢሚዩን በሽታዎች ዋና መሣሪያ የሆነው ስቴሮይድ የዚህን ትኩሳት መመላለስ አያስቀርም። ያስቀረው፣ ሪህ ያለባቸው ሰዎች የሚያውቁት ኮልቺሲን የተባለው አሮጌ መድኃኒት ነው፤ በየቀኑ ሲወሰድ በሽታው እንዳይነሣ እንደሚያደርግ ስቲቨን ጎልድፊንገር እ.ኤ.አ. በ1972 በአጭር ደብዳቤ አሳወቀ። ከዚያ የሚበልጠው ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ1986 ከእስራኤል መጣ። ብግነቱ በተነሣ ቁጥር ጉበት አንድ ፕሮቲን በብዛት ያመርታል፤ የፕሮቲኑ ስብርባሪ አሚሎይድ ሆኖ ኩላሊት ውስጥ ይከማቻል፤ ኮልቺሲን ከመምጣቱ በፊት ብዙዎችን የሚገድለው ይህ እንጂ ትኩሳቱ አልነበረም። ጥናቱ ኩላሊታቸው ገና ያልተነካ 960 ሕመምተኞችን ለዓመታት ተከታተለ። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ከወሰዱት 906 ሰዎች በሽንታቸው ፕሮቲን የታየው 4ቱ ላይ ብቻ ነው። በአግባቡ ካልወሰዱት 54 ሰዎች ግን 16ቱ ላይ ታየ።

እነዚህን ቁጥሮች ላንብብ ላለ ሰው የሕመሙ ሸክም የት እንዳለም ይጠቁሙታል። ሕመምተኛው በየቀኑ መድኃኒት መዋጥ ያለበት ምንም ሳያመው ነው። ኮልቺሲን ደግሞ ሆድ ያስቀምጣል፤ ደህና የሆነ ጎረምሳ ተቅማጥ የሚያስይዝ ክኒን ዕድሜ ልኩን እንዲውጥ ማሳመን ቀላል አይደለም። ከትምህርት ቤት ወይም ከሥራ ሦስት ቀን ቀርቶ በአራተኛው ቀን ፊቱ በርቶ የሚመለስን ሰው ማን ያምነዋል? ምርመራ ላይ የሚደርሰው ትኩሳቱ ከተወው በኋላ ከሆነ ውጤቱ ንጹሕ ሊሆን ስለሚችል «አስመስሎ ነው» የሚለው ሐሜት ማረጋገጫ ያገኘ ይመስላል። ቤት ውስጥ ደግሞ «በማን ወገን መጣ?» የሚለው ጥያቄ አለ። አብዛኛውን ጊዜ በሽታው የሚገለጠው የተለወጠው ዘረመል ከአባትም ከእናትም ሲወረስ ነው፤ ሁለቱም ጤነኛ ሆነው ሊያስተላልፉት ይችላሉ። ስለዚህ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» የሚሉት አያቶች እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ክርክሩን ግን አይፈታውም።

ስያሜው ላይ የሚነሡት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው፣ «ራስ ቀስቃሽ» ሲባል ሕመምተኛው በራሱ ላይ ያመጣው ይመስላል የሚለው ነው። በማይታመን ሕመምተኛ ላይ ይህ ትርጉም ቢለጠፍ ጉዳቱ ከባድ ስለሚሆን ስጋቱን እቀበላለሁ። መልሱ አጠቃቀሙ ላይ ነው፦ ራስ ቀስቃሹ ብግነቱ ስለሆነ ቃሉ ከብግነት ተነጥሎ አይነገርም፤ «ራስ ቀስቃሽ ሕመምተኛ» ማለትም ስሕተት ነው። ሁለተኛው ከሐኪሞች የሚመጣ ነው፦ ድካም፣ ጭንቀት ወይም የወር አበባ በሽታውን ሊያስነሡት ይችላሉና እንዴት በራሱ ተቀሰቀሰ ይባላል? እነዚህ ግን ሰበብ እንጂ ወራሪ አይደሉም፤ ሌላውም ሰው ይደክመዋል፣ ሆዱ ግን አይደድርም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የበለጠ ያሳስባል። በሁለቱ ምድቦች መካከል ያለው ድንበር ያን ያህል የጠራ አይደለም። ማክደርሞት ራሱ ከዴኒስ ማክጎናግል ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 የጻፈው፣ በሽታዎቹ በሁለት ጫፎች መካከል እንደተዘረጉ ነው፤ መሐል ላይ እንደ ቤሄት በሽታ ከሁለቱም የተካፈሉ አሉ። ሪህም በዩሪክ አሲድ ክሪስታል ይነሣ እንጂ ትኩሳቱን የሚያመጣው ያው ኢንተርሉኪን-1 ነው። ይሁን እንጂ መሐሉ መደብዘዙ ጫፎቹን በአንድ ስም ለመጥራት ምክንያት አይሆንም፤ መሐል ላይ ያለውን ለመግለጽም ሁለት ስም ያስፈልጋል።

«ወባና በቅማል የሚተላለፈው አገርሺ ትኩሳት ባለበት አገር ይህን ማንሣት ምን ይጠቅማል?» ለሚለው፣ በኢትዮጵያ የሚመላለስ ትኩሳት ሲገጥም ቀድሞ መፈለግ ያለበት ወራሪው መሆኑ አያከራክርም። ስሙ የሚያስፈልገው ደሙ ተደጋግሞ ታይቶ ወባም ሌላም ተሕዋስ ሲታጣ ነው። ያኔ ሐኪሙ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ይለወጣሉ፦ ትኩሳቱ በስንት ሰዓት ተወህ? ባልታመምክበት ሳምንት ደህና ነበርክ? ከቤተሰብህ ኩላሊቱን የታመመ አለ? የብግነት መለኪያ የሆነው የደም ምርመራም ሁለት ጊዜ ይታዘዛል፤ አንዱ ትኩሳቱ እንደተነሣ፣ ሌላው ከተወ ከሳምንታት በኋላ። የሽንት ፕሮቲንም አብሮ ይታያል።